አንድ ግቢ፣ ብዙ ግንብ፦ በጋራ ሱፐር ኮምፒውተር ላይ ሶፍትዌር እንዴት ይጫናል?

ባለፈው ክረምት አንዲት የማስተርስ ተማሪ ላፕቶፗን አቅፋ ቢሮዬ መጣች። "መምህር፣ አንድ ነገር ያበላሸሁ መሰለኝ" አለችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። ሌሊቱን እንዳልተኛች ያስታውቃል።

ስክሪኑን አየሁት። ውጭ አገር ካለ አንድ ሱፐር ኮምፒውተር ጋር ተገናኝታለች። አካውንቱን ያገኘችው በትብብር ፕሮጀክት በኩል ነው። ሳምቱልስ የሚባለውን የዘረመል መረጃ ማስተናገጃ ፕሮግራም ለመጫን ብላ፣ ላፕቶፗ ላይ እንደለመደችው "ሱዶ" ብላ ጻፈች፤ ይህ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ማዘዣ ነው። ማሽኑም መለሰላት፦ ስምሽ ከተፈቀደላቸው ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ይህ ድርጊት ሪፖርት ይደረጋል።

ያስደነገጣት "ሪፖርት" የሚለው ቃል ነው። አካውንቴ ተዘጋ፣ የመመረቂያ ሥራዬም አበቃለት ብላ ነበር። ምንም አላበላሸችም። ያ ጽሑፍ ሱዶ ያልተፈቀደለት ሰው ሁሉ የሚያየው ነው። ግን ጥያቄዋ ትክክለኛ ነው። በራሴ እጅ መጫን ካልተፈቀደልኝ፣ ፕሮግራሙን ከየት ነው የማገኘው? ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለእሷና እንደ እሷ ለሚደናገጡ ሁሉ ነው። በቅርብ ዓመታት እዚህ ጎንደር እንዲህ ዓይነት አካውንት የሚያገኙ ወጣቶች ሲመጡ አያለሁ። ደስ ይለኛል። የሚያሳዝነኝ ብዙዎቹ የመጀመሪያውን ወር በመጫን ጣጣ ብቻ መጨረሳቸው ነው።

የምትሠራው በካላ አዛር ላይ ነው። መተማና ሁመራ ቆላ ለቀን ሥራ የሚወርዱ ወጣቶችን የሚያጠቃው በሽታ። አምጪው ተውሳክ ሊሽማኒያ ዶኖቫኒ ይባላል። 36 ክሮሞሶም አለው፤ ዘረመሉ 32 ሚሊዮን ፊደል ገደማ ነው። ለአንድ ናሙና ይህ ብዙ አይደለም። ነገር ግን እያንዳንዱ ቦታ አሥር ጊዜ፣ ሃምሳ ጊዜ ተደጋግሞ ይነበባል። ናሙናውም በመቶ ሲቆጠር ላፕቶፕ አይችለውም። የጋራ ማሽን የግድ ይሆናል።

ታዲያ ሱዶ ለምን ተከለከለች? አንድ ፕሮግራም ለብቻው አይቆምም። ሳምቱልስ ኤችቲኤስሊብ የሚባል ላይብረሪ፣ ማለትም ፕሮግራሞች የሚጋሩት የተዘጋጀ ኮድ፣ ይፈልጋል። ኤችቲኤስሊብ ደግሞ ፋይል የሚጨምቁና ከኢንተርኔት የሚያወርዱ ሌሎች ላይብረሪዎችን ይፈልጋል። እነዚያ ሁሉ ከታች በሊኑክስ መሠረታዊ ላይብረሪ፣ በጂሊብሲ ላይ ይቆማሉ። በጋራ ማሽን ላይ በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች የሚቆጠር ተጠቃሚ በዚሁ መሠረት ላይ ይሠራል። እሷ አንዱን ላይብረሪ በአዲስ ብትቀይር፣ ሦስት ሳምንት ሲሄድ የቆየው የሌላ ሰው ሥራ ሊወድቅ ይችላል። አንዱ ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ 3.8 ካልሆነ አይሠራልኝም ይላል፤ ሌላው 3.12 ይፈልጋል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

መልሱ ከተማችን መሃል ቆሟል። ፋሲል ግቢ የገባ ሰው በዓይኑ ያየዋል። ዐፄ ፋሲል ግንባቸውን ሠሩ። ልጃቸው ጻድቁ ዮሐንስ ሲነግሡ የአባታቸውን አላፈረሱም፤ እዚያው ግቢ ውስጥ ቤተ መጻሕፍታቸውን አቆሙ። አድያም ሰገድ ኢያሱ የራሳቸውን፣ ዳዊት የራሳቸውን፣ በካፋ የራሳቸውን፣ እቴጌ ምንትዋብም የራሳቸውን ሠሩ። ሁሉም በአንድ አጥር ውስጥ ነው። አዲሱ የተሠራው በአሮጌው ላይ ሳይሆን በአሮጌው ጎን ነው።

በጋራ ማሽን ላይ የሚሠራባቸው መንገዶች ሁሉ በዚህ ይስማማሉ። የነበረውን አትንካ፤ አዲሱን ጎኑ አስቀምጥ። የሚለያዩት በሌላ ነገር ነው። ግንቡን ማን ይሠራዋል? ለየትኛው መሬት ተብሎ ይሠራል? ከሦስት ዓመት በኋላስ እንደገና መሥራት ይቻላል ወይ? "የትኛው ይሻላል?" ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መጀመሪያ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ነው የምመልስለት።

ከሞጁል እንጀምር። ወደ ሱፐር ኮምፒውተር የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነውና። ሐሳቡን ጆን ፈርላኒ በ1991 ይፋ አደረገው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሞጁል ራሱ ምንም አይጭንም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የማሽኑ አስተዳዳሪዎች የተለያዩ ቨርዥኖችን በየራሳቸው ፎልደር አስቀምጠዋል። "ሞጁል ሎድ" ብላችሁ ስትጽፉ የምትፈልጉት ፎልደር በር ለእናንተ ብቻ ይከፈታል። ከኋላ የሚሆነው ቀላል ነው። ሊኑክስ ፕሮግራም የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር አለው፤ ሞጁሉ በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ አንድ አድራሻ ይጨምራል። ስትወጡ ይጠፋል። ጎረቤታችሁ አያየውም።

በኋላ ኤልሞድ የሚባል አዲስ የሞጁል ዓይነት መጣ። ቴክሳስ ባለው የሱፐር ኮምፒውተር ማዕከል ሮበርት ማክሌይ የሠራው ነው። የጨመረው ነገር ትልቅ ነው። አንድ ጓደኛዬ በጣና ተፋሰስ ዝናብ ላይ ይሠራል፤ ደብልዩአርኤፍ የተባለውን የአየር ጠባይ ሞዴል ይጠቀማል። ሞዴሉ በፎርትራን የተጻፈ ነው። ኔትሲዲኤፍ የሚባለው ላይብረሪ በአንድ ኮምፓይለር (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ በሚቀይር ፕሮግራም) ተሠርቶ ሞዴሉ በሌላ ከተሠራ ሁለቱ አይግባቡም። ኤልሞድ መጀመሪያ ኮምፓይለር ምረጥ ይላል። ከዚያ ከመረጥከው ጋር የሚስማሙትን ላይብረሪዎች ብቻ ያሳያል። የማይገጥመው ከዓይን ይሰወራል። ጓደኛዬ ይህን ሳያውቅ ስንት ቀን ባክኗል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ አጭር ነው። ምንም ነገር ከመጫናችሁ በፊት "ሞጁል አቬል" ብላችሁ ያለውን እዩ። ኤልሞድ ካለ "ሞጁል ስፓይደር" የተደበቀውንም ይነግራችኋል። የምትፈልጉት እዚያ ካለ ከእሱ የተሻለ አታገኙም። ማሽኑን በሚያውቁ ሰዎች፣ ለዚያው ማሽን ተብሎ የተሠራ ነውና።

ተማሪዬ ፈለገች። ሳምቱልስ ነበረ፤ ግን ቨርዥኑ አሮጌ ነው። ሌላ የምትፈልገው መሣሪያ ደግሞ ጭራሽ የለም። አሁን ነገሩ ወደ እሷ እጅ ገባ።

አስተዳዳሪዎቹ እነዚያን ሁሉ ሞጁሎች በእጃቸው አንድ በአንድ አይሠሩም። ሁለት ትልልቅ መሣሪያዎች አሏቸው፤ ኢዚቢልድና ስፓክ። ሁለቱም ከምንጭ ኮዱ ተነስተው ይገነባሉ፤ ሁለቱም ያለ ሱዶ ይሠራሉ። ስለዚህ ተራ ተጠቃሚም ሊይዛቸው ይችላል። ባሕርያቸው ግን የተለያየ ነው።

ኢዚቢልድ የተወለደው ቤልጅየም፣ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2009 ተጀምሮ በ2012 ለሕዝብ ተለቀቀ። እንደ ጠንቃቃ ባለሙያ እናት ነው። እንዲህ ካላደረግሽ ወጡ አይወጣም ትላለች፤ ልክ ነች። ለእያንዳንዱ ሶፍትዌር የተጻፈ ፋይል አለ፤ እዚያ ውስጥ የእያንዳንዱ ጥገኛ ላይብረሪ ቨርዥን ተወስኖ ተቀምጧል። መሠረቱም ቱልቼን የሚባል ጥቅል ነው፤ ኮምፓይለሩ፣ ማሽኖቹን የሚያነጋግረው ኤምፒአይና የሒሳብ ላይብረሪዎቹ አንድ ላይ ተፈትነው የታሰሩበት። ቱልቼኑ በየጊዜው ይታደሳል፤ ለምሳሌ የ2023ቱ 2023ኤ፣ 2023ቢ ተብለው ተጠሩ። ምርጫው ጠባብ ነው። ግን የተጻፈው ነገር ሌላ ሰው ሞክሮት የሠራለት ነው።

ስፓክ በሌላ በኩል ነፃነት ይሰጣል። ቶድ ጋምብሊን በ2013 ካሊፎርኒያ ባለው ሎረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ላቦራቶሪ ጀመረው። አንድ ላይብረሪ በዚህ ቨርዥን፣ በዚህ ኮምፓይለር፣ ከኤምፒአይ ጋር ወይም ያለ እሱ ስጠኝ ትሉታላችሁ፤ ሁሉንም በአንድ መስመር። ያላላችሁትን እሱ ይሞላል። በመቶ የሚቆጠሩ ቅድመ ሁኔታዎችን አስታርቆ የሚገጥመውን ጥምረት የሚፈልግ ስልት አለው። ካገኘ በኋላ ለጥምረቱ መለያ ኮድ ይሰጠዋል፤ ፎልደሩም በዚያ ኮድ ይጠራል። ከጥምረቱ አንዲት ነገር ብትለወጥ ኮዱም ፎልደሩም ሌላ ይሆናል። ከፋሲል ግቢ ጋር አንድ ነው።

ዋጋው ጊዜ ነው። ስፓክን ዝም ብላችሁ ካዘዛችሁት ከታች ጀምሮ መገንባት ይወዳል። አንድ ትንሽ ፕሮግራም ጠይቃችሁ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ማሽኑ ላይ ያለውን ኮምፓይለርና ኤምፒአይ እንዲጠቀም አስቀድማችሁ ንገሩት። ይህን መንገር ጊዜ ከመቆጠብም ያለፈ ጥቅም አለው።

እንዲህ ነው። በሱፐር ኮምፒውተር ውስጥ ማሽኖቹ የሚነጋገሩት በተራ ኔትወርክ አይደለም። ኢንፊኒባንድ ወይም መሰል ልዩ ፈጣን መስመር አላቸው። ኤምፒአይ ያንን መስመር እንዲያውቅ ሆኖ ካልተሠራ ተራውን መንገድ ይዞ ይሄዳል። ችግሩ ስህተት አለመናገሩ ነው። ፕሮግራሙ ይነሳል፤ ይሠራል፤ ትክክለኛ መልስም ይሰጣል። ግን በጣም ቀስ ይላል። ብዙ ማሽን ስትጨምሩለት ከመፍጠን ይልቅ ሊዘገይ ይችላል። የተሰጣችሁ የማሽን ሰዓት ግን እየተቆጠረ ነው። የዚህ ዓይነቱን ኪሳራ ማንም አይነግራችሁም፤ ራሳችሁ ለክታችሁ ካልደረሳችሁበት በስተቀር። ስለዚህ ሥራችሁ በብዙ ማሽኖች ላይ ተከፋፍሎ የሚሄድ ከሆነ፣ እንደ ጓደኛዬ የዝናብ ሞዴል፣ ኤምፒአዩን ከማሽኑ ባለቤቶች ውሰዱ። በዚህ አልደራደርም።

አሁን ኮንዳ ወደሚባለው መጫኛ። ተማሪዎች ሁሉ የሚወዱት እሱን ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። በ2012 ወጣ። ተገንብቶ ያለቀ ነገር ስለሚያወርድ በደቂቃዎች ውስጥ ይጫናል። በገዛ ፎልደራችሁ ውስጥ ስለሚሠራ ሱዶ አይፈልግም። ለሥነ ሕይወት ሰው ደግሞ ባዮኮንዳ የሚባል ማኅበረሰብ አለ፤ በ2018 ሥራቸውን በጥናት መጽሔት ሲያስተዋውቁ ከ3000 በላይ ፓኬጅ ነበራቸው። ተማሪዬ የምትፈልገው ሁሉ እዚያ ነበር።

ታዲያ ጉዳቱ ምንድን ነው? አንዱ የፍጥነት ነው። ለማንም ማሽን እንዲሆን ተብሎ የተገነባ ነገር ለአሮጌውም ማሽን መሆን አለበት። ስለዚህ አዲሱ ፕሮሰሰር የሚችለውን ሁሉ አይጠቀምም። የቆየው የኢንቴል መሠረታዊ ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ሁለት ትልልቅ ቁጥር ያሰላል፤ ኤቪኤክስ 512 ያለው ፕሮሰሰር ስምንት ይችላል። ይህ ማለት አራት እጥፍ ትፈጥናላችሁ ማለት አይደለም፤ ብዙ ሥራ የሚዘገየው በሌላ ምክንያት ነው። ኦፕንብላስን የመሰሉ አንዳንድ ላይብረሪዎችም በሚነሱበት ሰዓት ፕሮሰሰሩን አይተው ራሳቸውን ያስተካክላሉ። ዘረመል ለሚያነብ ሰው ልዩነቱ እምብዛም አያስጨንቅም። ሞለኪውል ለሚያሰላ ሰው ግን ያስጨንቃል።

ሁለተኛው ጉዳት የፋይል ብዛት ነው። ይህን ጊዜ ወስጄ ላስረዳ። እኔንም አንድ ቀን አስሮኛል። አዲስ ነገር ልጽፍ ስል ማሽኑ "ኮታህ አልቋል" አለኝ። ቦታ አየሁ፤ ግማሹ እንኳ አልሞላም። የሞላው የፋይል ቁጥር ነው። አንድ የኮንዳ አካባቢ (ለአንድ ሥራ የተለየ የፕሮግራሞች ፎልደር) በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን ሊይዝ ይችላል። እኔ ደግሞ አምስት አካባቢ ፈጥሬ ነበር።

ማሽኑ ስለ ፋይል ቁጥር ምን አገባው? የሆስፒታል ካርድ ክፍልን አስቡ። መደርደሪያው ሰፊ ነው፤ ሚሊዮን ካርድ ይችላል። መስኮቱ ላይ ያሉት ሠራተኞች ግን ጥቂት ናቸው። አንድ ወፍራም ካርድ የሚጠይቅ ሰው ቶሎ ይስተናገዳል። አንድ ሰው መጥቶ 20 ሺህ ብጣሽ ወረቀት በየተራ አውጡልኝ ቢልስ? ወረፋው ለሁሉም ይቆማል። ለስትርን የመሰለ የጋራ የፋይል ሥርዓት እንዲሁ ነው። ትልልቅ ፋይል በብዙ ዲስክ ላይ ከፋፍሎ ማንበብ ይችልበታል። ፋይሉ የት እንዳለ የሚናገሩት ሰርቨሮች ግን ጥቂት ናቸው። ፓይተን ሲነሳ በሺዎች የሚቆጠሩ ፋይሎችን ሊከፍት ይችላል። ይህን ፓይተን በ1000 ቦታ በአንድ ጊዜ ስታስነሱ መስኮቱ ላይ በሚሊዮን የሚቆጠር ጥያቄ ይደርሳል። የምትጎዱት ራሳችሁን ብቻ አይደለም። የማታውቁት ሰው ፋይሉን ለመክፈት ደቂቃ ይጠብቃል። አንዳንድ ማዕከላት ኮንዳን የሚገድቡት ለዚህ ነው፤ ሲከለክሏችሁ ክፋት አይምሰላችሁ።

ኮንዳ ለምትጠቀሙ ሁለት ሦስት ነገር ልጨምር። ሲጫን "ስትገባ ሁልጊዜ ልነሳ?" ይላችኋል፤ አይሆንም በሉት። ሁልጊዜ ከተነሳ የእሱ ላይብረሪዎች ከሞጁሎቹ ይቀድሙና ነገር ይደበላለቃል። አካባቢውን ጊዜያዊው የሥራ ዲስክ ላይ አታስቀምጡ፤ ብዙ ቦታ እዚያ ያለ አሮጌ ፋይል በራሱ ይሰረዛል። ከዚያ አካባቢያችሁ ግማሹ አለ፣ ግማሹ የለም። የአናኮንዳ ድርጅት ዋና ቻናል (ኮንዳ ፓኬጅ የሚያወርድበት ማከማቻ) ደግሞ ለትልልቅ ድርጅቶች ክፍያ የሚጠይቅ ውል አለው። ሚኒፎርጅ የሚባለውን የኮንዳ ዓይነት ብትጭኑ በማኅበረሰቡ ቻናል ስለሚሠራ ከዚህ ጭንቀት ታመልጣላችሁ።

ለፋይል ብዛት መፍትሔው ኮንቴነር፣ ፕሮግራሙን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር የሚያሽግ ጥቅል፣ ነው። ዶከር የሚባለው የኮንቴነር መሣሪያ በ2013 ሲወጣ ዓለም ተቀበለው፤ የሱፐር ኮምፒውተር ሰዎች ግን አልተቀበሉትም። ዶከርን በተለመደው መንገድ የሚያዝ ሰው የማሽኑን ሥልጣን ሁሉ ሊይዝ ስለሚችል ነው። ግሬጎሪ ኩርትዘር በሎረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ ሆኖ በ2015 ሲንጉላሪቲን ጀመረ። ውስጡ ስትገቡም ያው ራሳችሁ ናችሁ፤ ሥልጣን አይጨምርላችሁም። በ2021 ፕሮጀክቱ ወደ ሊኑክስ ፋውንዴሽን ሲገባ ስሙ አፕቴይነር ሆነ። ፕሮግራሙን ከነላይብረሪዎቹ፣ ከነጂሊብሲው በአንድ ፋይል ያሽገዋል። ካርድ ክፍሉ አንድ ወፍራም ካርድ ብቻ ያወጣል።

ግን የታሸገ ነገር ውስጡ ምን እንዳለ አይናገርም። እንዴት እንደተሠራ የሚናገረውን ፋይል አብራችሁ ካላስቀመጣችሁ፣ ከዓመት በኋላ እናንተም አታውቁትም። የማሽኑን ከርነል (የሊኑክስን እምብርት) ስለሚጋራና ለአንድ ዓይነት ፕሮሰሰር ስለሚሠራ የትም ይሄዳል ማለትም አይቻልም። ለኢንቴል የታሸገ ኤአርኤም በሚባለው ሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር ላይ አይነሳም።

ኒክስና ጊክስ የሚባሉት መጫኛዎች በሐሳብ ደረጃ ከሁሉም የጠሩ ናቸው። ኒክስን ኤልኮ ዶልስትራ በ2003 ጀመረው፤ ጊክስን ሉዶቪክ ኩርቴስ በ2012። ሁሉም ነገር፣ እስከ ጂሊብሲ ድረስ፣ በመለያ ኮድ ይቀመጣል። ጊክስ ውስጥ ወደ ድሮ ቀን መልሶ የዚያን ዘመን ሶፍትዌር የሚያመጣ ትእዛዝም አለ። በወጉ ለመጫን ግን የአስተዳዳሪ እጅ ያስፈልጋል። ማሽናችሁ ላይ ካለ ዕድለኞች ናችሁ፤ ከሌለ በእሱ አትድከሙ።

ይህ ሁሉ ከጎንደር ሆኖ ሲሠራ የራሱ መልክ አለው። ስትጭኑ ፋይሉ የሚወርደው ወደ እናንተ አይደለም፤ እዚያው ማሽኑ ካለበት ቦታ በፈጣን መስመር ነው። በእኛ መስመር የሚያልፈው የምትጽፉት ፊደልና የሚመለሰው መልስ ብቻ ነው። ስለዚህ ደካማ ኢንተርኔት መጫን አይከለክላችሁም። የሚገድለው ላፕቶፕ ላይ አራት ጊጋባይት ኮንቴነር ሠርቶ ከዚህ መላክ ነው። እዚያው ሥሩት፤ ወይም እዚያው አውርዱት። መብራት ቢሄድ ደግሞ ሥራው እንዳይቋረጥ ቲመክስ የሚባለውን ፕሮግራም እዚያው ማሽኑ ላይ ከፍታችሁ በእሱ ውስጥ ጀምሩ። ግንኙነቱ ቢቋረጥም እዚያ ያለው ይቀጥላል። መብራት ሲመጣ ትመለሳላችሁ፤ ካቆማችሁበት ታገኙታላችሁ። ይህን ለተማሪዬ ሳሳያት "ይህን ለምን ማንም አልነገረኝም?" አለች። ጥያቄዋ ልክ ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል ተብሎ ስለሚታሰብ ማንም አይናገረውም።

የእሷ ሥራ እያንዳንዱን ናሙና ለብቻው የሚያይ ነው። ማሽኖቹ እርስ በርስ መነጋገር አያስፈልጋቸውም። ስለዚህ ኮንዳን መረጥንላት። ሳምቱልስን፣ ሚኒማፕ 2ን እና ሌሎች ሁለት መሣሪያዎችን በአንድ ጽሑፍ ፋይል ውስጥ ከነቨርዥናቸው ጻፈች። አካባቢውን ከዚያ ፋይል ፈጠረች። ሁሉም መሥራቱን ካየች በኋላ ከዚያው ፋይል እዚያው ማሽን ላይ ወደ አንድ የአፕቴይነር ፋይል አሸገችው፤ የኮንዳውን አካባቢ ሰረዘች። የፋይል ኮታዋ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ጓደኛዬ ደግሞ ከሞጁሉ አልወጣም። የጎደለችውን አንዲት ላይብረሪ ብቻ በስፓክ ጨመረ፤ ኮምፓይለሩንና ኤምፒአዩን ከማሽኑ ወስዶ።

በጥቅምት አዲስ አበባ ያለ የሥራ ባልደረባዋ በሌላ ማሽን ላይ ያንኑ ትንተና መድገም ፈለገ። "እንዴት ነው የጫንሽው?" ሲል ጻፈላት። በቴሌግራም የላከችለት 12 መስመር ያለው ያ ጽሑፍ ፋይል ነው። በማግስቱ በአንድ ናሙና ሞክሮ ያገኛቸውን የዘረመል ለውጦች ብዛት መለሰላት። ስክሪኗን ወደ እኔ አዞረችና የራሷን ቁጥር ከጎኑ አስቀመጠች። እስከ መጨረሻዋ አኃዝ አንድ ነበር።